ደራሽ ውሃና ደራሽ ሰው

(አዘና ላይ በተደረገው የእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተነገረ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር እንላለን። ቀጥለንም ይህን የመናገር ዕድል ለሰጠን ኮሚቴ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

እንደምታውቁን ዕድሜያችን ስልሳን አልፏል፤ ትምህርታችን ግን ስድስተኛ ክፍልን አልዘለለም። ዕድሜያችንን የጨረስነው በጽሕፈት ቤት ነው፤ ደብዳቤ ስንገለብጥ፣ መዝገብ ስናስተካክል፣ ፋይል ስናወጣና ስናስገባ። ጡረታ ከወጣን ወዲህ ደግሞ የዚህን እድር የቀሪና የተገኝ መዝገብ ስንጽፍ ቆይተናል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ባሕር ማዕበል ልንናገር ስንነሣ «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች» የሚለን ሰው ቢኖር አንቀየምም። ከራዲዮ የሰማነውን፣ ከመጽሐፍ ያነበብነውን፣ የልጅ ልጆቻችንም ያነበቡልንን ነው የምናቀርበው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ስላደረግነው ግራ እንዳይገባችሁ።

«ምነው፣ አዘና ተቀምጦ ስለ ባሕር?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ባሕር የለንም። ከመካከላችን ባሕር ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ነገር ግን ጥቂት ብትታገሡን፣ ባሕር ዳር ሰውን የገደለው ነገርና በእኛ አገር ተራራ ሥር ሰውን የገደለው ነገር አንድ መሆኑን እናሳያችኋለን። እሱም ራሱ ከእድራችን ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

ሱናሚ የሚለው ቃል የጃፓኖች ነው። ትርጉሙ የወደብ ማዕበል እንደ ማለት ነው። አመጣጡ እንዲህ ነው ይባላል፦ ዓሣ አጥማጆች ጥልቁ ባሕር ላይ ሲሠሩ ውለው ምንም ሳይታወቃቸው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ወደቡ ወድሞ፣ መንደራቸው ተጠርጎ ያገኙታል። ማዕበሉ ከጀልባቸው ሥር አልፎ ሄዶ እነሱ አላወቁትም። ይኸ እንዴት ይሆናል?

ዘንገናን የምታውቁ አስቡት። ድንጋይ ብትወረውሩበት ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ዳር እስኪደርስ ይሄዳል። (ዘንገና ራሱ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ትቶት የሄደው ጉድጓድ ነው፤ የምንኖርበት መሬት እሳት ያለፈበት መሆኑን አትርሱ።) አሁን ደግሞ ድንጋዩን ትታችሁ፣ የሐይቁ ወለል ራሱ በድንገት ብድግ ቢል ብላችሁ አስቡ። ከላዩ ያለው ውሃ በሙሉ ይገፋል። በባሕርም እንዲሁ ነው። ከባሕሩ በታች ያለው የምድር ንጣፍ ተጣብቆ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲላቀቅ ወለሉ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ውሃው ይነሣል። ጥልቁ ላይ ከፍታው አንድ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ፍጥነቱ ግን በሰዓት እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከዚህ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይገባል ማለት ነው። ወደ ዳር ሲቃረብና ውሃው ሲሳሳ ፊቱ ይዘገያል፣ የኋላው ይደርስበታል፣ ይደራረባል፣ እንደ ግድግዳ ይቆማል።

ብዙውን ጊዜ መንሥኤው የመሬት መንቀጥቀጥ ይሁን እንጂ ሌላም አለ። በ1875 ዓ.ም.፣ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ማለት ነው፣ በኢንዶኔዥያ ክራካታው የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ 36,000 ያህል ሰው ሞቷል፤ አብዛኛውን የገደለው እሳቱ ሳይሆን የተነሣው ማዕበል ነው። ተራራ ተንዶ ውሃ ውስጥ ሲገባም ማዕበል ይነሣል። በ1950 ዓ.ም. በአላስካ ሊቱያ በተባለ የባሕር ሰርጥ ተራራ ተንዶ ገብቶ ውሃውን ማዶ ካለው ገደል 524 ሜትር ከፍታ ድረስ ሰቅሎታል። በመስከረም 1956 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ኢጣልያ ቫዮንት በተባለው ግድብ ላይ የተራራ ጎን ተንዶ ወደቀበት። ውሃው ግድቡን ዘሎ ከሥሩ ያሉትን መንደሮች ጠረገ። 2,000 ያህል ሰው አለቀ። ግድቡ ግን ዛሬም ቆሟል። እንግዲህ ናዳና ማዕበል ወንድማማቾች ናቸው ብንል አልተሳሳትንም።

አሁን ሰው እንዴት እንደሞተ እንይ። ልብ ብላችሁ አድምጡ፤ የመጣነው ለዚህ ነውና።

በጥቅምት 1748 ዓ.ም.፣ ኢዮአስ ጎንደር ላይ በነገሡ ሰሞን፣ የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ቀኑ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለነበር ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ነበር። ከፍርስራሹ የተረፈው ሰው «ሜዳ ይሻለናል» ብሎ ወደ ወደቡ ሮጠ። ባሕሩ ሸሽቶ ወለሉ ይታይ ነበር። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ መጣና ወደ ወደቡ የሸሹትን ወሰዳቸው።

በሰኔ 1888 ዓ.ም.፣ የዐድዋ ድል በተገኘበት ዓመት፣ በጃፓን ሳንሪኩ በተባለው የባሕር ዳርቻ ሕዝቡ በዓል ላይ ነበር፤ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮቹንም ይቀበል ነበር። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ቀላል ስለመሰለው ማንም አልተነሣም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማዕበሉ ደረሰ። 22,000 ያህል ሰው ሞተ።

በግንቦት 1952 ዓ.ም. በቺሊ 9.5 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ ትልቁ ይኸ ነው። ማዕበሉ 15 ሰዓት ያህል ተጉዞ ሃዋይ ደሴት ላይ ሂሎ ወደምትባል ከተማ ደረሰ። ሂሎ ላይ ከሰዓታት በፊት ሳይረን ተነፍቶ ነበር። የመጀመሪያው ሞገድ ትንሽ ሆነ። ሰዉም «ይኸው ነው እንዴ?» እያለ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ለማየት ወደ ባሕሩ የወረደም ነበር። ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ሞገድ 61 ሰው ገደለ። ይህን ያዙልን፦ ማዕበል አንድ ጊዜ መጥቶ አያበቃም፤ ብዙውን ጊዜም የኋለኛው ከፊተኛው ይብሳል።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችን በራዲዮና በቴሌቪዥን ተከታትለነዋል። ሱማትራ አጠገብ ባሕር ሥር 9.1 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ ከ220,000 በላይ ሰው በአሥራ አራት አገሮች አለቀ። ከጎረቤታችን ከሶማሊያም፣ በፑንትላንድ ሐፉን በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደርና በአካባቢዋ፣ 300 ያህል ሰው ሞቷል። ማዕበሉ ሶማሊያ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። ሰባት ሰዓት! ከጠዋት እስከ ማታ ለማለት ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። ለሐፉን ሰዎች ግን የነገራቸው አልነበረም።

በብዙ ቦታ ባሕሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሸ። ዓሣው ደረቅ ላይ ተንፈራገጠ። ሕፃናት ዓሣ ሊለቅሙ፣ አዋቂዎች ጉዱን ሊያዩ ወረዱ። መሸሽ በነበረባቸው ሰዓት ወረዱ። ከዚያ ውሃው ተመለሰ።

የተረፉትስ በምን ተረፉ? ለመነሻው እጅግ ቅርብ ከነበሩት ደሴቶች አንዷ ሲሜሉ ትባላለች። ከ70,000 በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ስትሆን የሞተው 7 ሰው ብቻ ነው። በ1899 ዓ.ም. እዚያችው ደሴት ላይ ማዕበል መጥቶ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር። የተረፉት ሽማግሌዎች «ስሞንግ» ብለው ስም አወጡለትና ለልጆቻቸው በተረትና በእንጉርጉሮ አስተላለፉት፦ መሬት በብርቱ ከተንቀጠቀጠና ባሕሩ ከሸሸ፣ ዕቃ ሳትሉ ወደ ኮረብታ ሩጡ የሚል ነው። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ የልጅ ልጆቻቸውን አዳነ። ራዲዮ አይደለም፣ መሣሪያ አይደለም፤ እሳት ዳር የተነገረ ወግ ነው። ታይላንድ ላይ ደግሞ ለዕረፍት የመጣች የአሥር ዓመት እንግሊዛዊት ልጅ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት በትምህርት ቤት የተማረችውን አስታውሳ ባሕሩ ሲያረፋ «ሱናሚ ነው!» ብላ ጮኸች። መቶ ያህል ሰው ከዳርቻው ወጥቶ ተረፈ። የሕፃን ነገር ነው ብለው ቢተዉትስ ኖሮ?

«ይኸ ሁሉ ቁጣ ነው» የሚል ወገን አለ። የፈጣሪን ሐሳብ ለመመርመር እኛ ማን ነን? ግን ቁጣም ይሁን ሌላ፣ የሚመጣበትን መንገድ አውቆ ከመንገዱ ዞር ማለት ኃጢአት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጃፓን እንደገና ተመታች። የሞተውና የጠፋው ሰው 18,000 አልፏል። ከእነዚህም ውስጥ ከ250 በላይ የሚሆኑት በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ። እነዚህ ደመወዝተኞች አይደሉም፤ እንደ እኛ ነጋዴ፣ ገበሬ፣ ሠራተኛ ሆነው ሰው ሲቸገር የሚደርሱ ናቸው። ገሚሱ የባሕሩን በር ሊዘጋ፣ ገሚሱ ሽማግሌ ሊያወጣ፣ ገሚሱ ደወል ሊደውል ሄዶ ቀረ። ደራሾቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ በየከተማው ሕግ ወጣ፦ ማዕበሉ ይደርሳል ከተባለበት ሰዓት አስቀድሞ፣ የሚረዳ ሰው ቢኖርም ባይኖርም፣ ደራሹ ራሱ ወደ ከፍታ ይውጣ የሚል።

እዚያው አገር «ቴንዴንኮ» የሚሉት የቆየ ምክር አለ። እያንዳንዱ ለየራሱ ይሩጥ ማለት ነው። ስንሰማው ክፉ ይመስላል። እንዴት እናት ልጇን ትታ ትሮጣለች? ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ እናት ልጄ ከትምህርት ቤት ወደ ኮረብታ ሮጧል ብላ ታምናለች፤ ልጅም እናቴ ሮጣለች ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ማንም ማንንም ፍለጋ አይመለስም። ካማይሺ በምትባል ከተማ በዚህ የሠለጠኑ 3,000 ያህል ተማሪዎች ትንሹን በእጃቸው እየያዙ ሮጠው ተርፈዋል።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ባሕር ባይኖረንም ደራሽ ውሃ አለን። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ ሌሊት በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ድሬዳዋ ላይ በተኛበት ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ድሬዳዋ ደረቅ አሸዋ ለምዳ የኖረች ከተማ ናት። ውሃው የመጣው ከላይ ነው፤ የዘነበውም ሌላ አገር ነው። ከባሕሩ ማዕበል በምን ይለያል?

የጎፋው ግን ለእኛ ከሁሉ የባሰ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ቀንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ፣ ብርቱ ዝናብ ጥሎ የራሰው ተራራ ተናደ። መጀመሪያ የተቀበሩት ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። ኡኡታ ተሰማ። ጎረቤት ደረሰ፣ የማዶ ሰው ደረሰ፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ ደረሰ፣ አስተማሪው፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው ደረሰ። በዶማና በእጃቸው ሲቆፍሩ ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩት አይደሉም፤ ሊያወጧቸው የሄዱት ናቸው።

ወገኖቼ፣ እነዚህ ሰዎች ምን አጠፉ? ምንም። እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? ያንኑ። ጡሩምባ ሲነፋ መጥረቢያና ዶማ ይዘን ነበር የምንሮጠው። እድር ማለት ይኸው አይደል? ደራሽነት ነው። በአማርኛችን ሰው ለመርዳት የሚመጣውም «ደራሽ» ነው፣ ሰው የሚወስደውም ውሃ «ደራሽ» ነው። ሁለቱ አንድ ሰዓት፣ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ግን ሬሳው ይበዛል፤ ቀባሪ ይጠፋል።

የእኛን ጥፋትም እንናገር። ሰው የሌላውን ብቻ አውርቶ መቀመጥ የለበትም።

ከወንዝ ማዶ የሚኖር አንድ አባላችን አለ። ስሙን አንጠራም፤ ዛሬም እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል፤ እንድንናገርም ፈቅዶልናል። ነሐሴ ላይ ቀብር ነበር። ይህ ሰው ወንዙ ዳር መጥቶ ውሃው ስለሞላ ተመለሰ። እኛም መዝገቡን ዘርግተን «ቀሪ» ብለን ጻፍንበት። በወሩ ስብሰባ ላይ «ወንዙ ሞልቶብኝ ነው» ቢል፣ «ሌላው ተሻግሮ የለም እንዴ?» ተባለና ቅጣቱን ከፈለ። ብሩ አልነበረም የከበደው፤ ኀፍረቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት እንደገና ቀብር ሆነ፤ ወንዙም እንደገና ሞላ። ሰውየው በዚህ ጊዜ አልተመለሰም። ገባበት። ውሃው ጉልበቱ ላይ ሳለ ነው እግሩን ያነሣው። ጋቢውንም ጫማውንም ወሰደው፤ እሱ ግን የሾላ ሥር ይዞ ቀረ። አንድ ጎረምሳ ሊያወጣው ሲገባ እሱንም ሊወስደው ነበር። በኋላ የእድሩን ድንኳን ገመድ አምጥተው ሁለቱንም ጎትተው አወጧቸው። እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ ቀብሩ ላይ ቆመ። ሁሉም «ጎበዝ!» አለው።

እኛም መዝገቡ ላይ «ተገኝቷል» ብለን ጻፍን። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደንም። ሰውየውን ወደ ውሃው የገፋው ያምናው «ቀሪ» የሚለው ቃል ነው፤ የጻፈውም ይኸ እጃችን ነው። ገመዱ ባይደርስ ኖሮ ስሙን በሦስተኛው መዝገብ፣ በሟቾች መዝገብ፣ የምንጽፈው እኛው ነበርን።

ስለሆነም ለዚህ ጉባኤ አራት ነገር እናቀርባለን።

1ኛ. በክረምት ወንዝ ሞልቶበት የቀረ አባል «ቀሪ» እንዳይባል፣ እንዳይቀጣም። የማዶ አባላት በማዶ ተሰብስበው ሐዘናቸውን ይግለጹ፤ ውሃው ሲጎድል ለቅሶ ይድረሱ። ሬሳው አይሄድባቸውም፤ ሐዘንተኛውም ቤቱ ይቆያቸዋል።

2ኛ. ቤት በናዳ ቢቀበር ወይም አፈር የሚቆፈርበት ጉድጓድ ሰው ላይ ቢደረመስ፣ ከመቆፈር በፊት አንድ ዓይነ ብሩህ ሰው ጡሩምባ ይዞ ከጎን፣ ደህና ቦታ ላይ ይቁም። ሥራው ተራራውን ማየት ብቻ ነው። ድንጋይ ሲንከባለል፣ አፈር ሲሰነጠቅ ካየ ይንፋ። ሲነፋ ዶማውን ጥሎ ሁሉም ወደ ጎን ይሩጥ፤ ወደ ታች አይሩጥ። ቆፋሪው ጥቂት ሆኖ በተራ ይግባ፤ የቀረው ሰው ርቆ ይጠብቅ። ዝናብ እየዘነበ ከሆነ ደግሞ እጥፍ ጥንቃቄ ያሻል። «የእኔ ወንድም ተቀብሮ አንተ ርቀህ ትቆማለህ?» የሚል ይኖራል። ርቆ መቆሙም መድረስ መሆኑን ደንባችን ውስጥ እናስገባው።

3ኛ. ከተዳፋት ሥር የምትኖሩ ምልክቱን እወቁ። ከቤቱ በላይ መሬት ከተሰነጠቀ፣ ቀጥ ያለ ዛፍ ወይም አጥር ካዘነበለ፣ ጥርት ያለ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፣ ደህና የነበረው በር አልዘጋ ካለ፣ መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ አይደርስም አትበሉ፤ በዚያው በ2016 ክረምት በእኛው ክልል በሰሜን ጎንደር ጃን አሞራም መሬት ተንሸራቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ምልክቱን ያየ ሰው ለሊቱን ከዘመድ ቤት ይደር፤ ለቀበሌም ይንገር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአገራችን ሰው።

4ኛ. ይህን ለልጆቻችን እንንገር፤ በአገውኛም በአማርኛም። የሲሜሉ ሽማግሌዎች ባሕሩን እንደነገሩ እኛም ወንዙንና ተራራውን እንንገር። ከብት የሚጠብቀው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ወንዝ ተሻግሮ ትምህርት ቤት የሚሄደው እሱ ነውና። የልጅንም ጩኸት አንናቅ።

የእድራችን አባቶች ይህን ማኅበር ሲያቋቁሙ ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ብለው ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ገዝተው አስረክበውናል። እኛ ደግሞ የምናስረክበው አንድ ደንብ ቢሆን አይበዛብንም። ያን የድንኳን ገመድ ኮሚቴው እንዲያስቀምጠው ጠይቀናል፤ ለድንኳን ሌላ ይገዛ። እሱ ከግምጃ ቤቱ በር አጠገብ ተሰቅሎ ክረምት ሲገባ ከጡሩምባው ጋር ለለፋፊው ይሰጥ።

ፍርዱ የእናንተ የጉባኤተኞቹ ነው። ካጸደቃችሁት እኛ እንጽፈዋለን፤ መጻፍ የለመድነው ሥራ ነው። ቀጥሎ በሚመጣው ክረምት መዝገቡ ላይ ከማዶ ሰዎች ስም አንጻር «ወንዝ ሞልቶ» የሚል አዲስ ዓምድ እንዲኖርም ከወዲሁ አሥምረናል።

 ክረምቱን በሰላም ያሻግረን።